ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት

በገዛ እጃችሁ ትንሽ አውሮፕላን ለመሥራት ለተነሣችሁ ልጆቼ፣

ሁላችሁም ይዛችሁልኝ የምትመጡት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የመኪና ሞተር አውሮፕላን ያበርራል ወይ?» ያበርራል። በ1903 የራይት ወንድማማቾችን ያበረረው ሞተር በብስክሌት መሥሪያቸው መካኒክ በቻርሊ ቴይለር እጅ የተሠራ ነበር፤ ጉልበቱም 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ ቢሆን ነው (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1929 በርናርድ ፒተንፖል የፎርድ ሞዴል ኤ መኪና ሞተር ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላኑ ላይ ገጥሞ በረረ። ከዚያ ወዲህ ቮልስዋገኑም፣ የሸቭሮሌው ኮርቬርም፣ ሱባሩም፣ ፒስተን አልባው ማዝዳም ሰማይ ላይ ወጥተዋል።

ስለዚህ ይቻላል አይቻልም የሚለው ክርክር ከተዘጋ ቆይቷል። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፦ መብረር ነው የምትፈልጉት ወይስ ሞተር መሥራት? ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው። ለአውሮፕላን ያልተሠራ ሞተር የመረጠ ሰው ሁለተኛውንም ሥራ አብሮ ተቀብሏል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚገባው ታዲያ አካሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ክንፉ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ መልበስ ሲጀምር ነው።

መነሻው ዘወትር ገንዘብ ነው። ከአሮጌ መኪና የወጣ ሞተር ዋጋ ለአውሮፕላን ተብለው ከሚሠሩት ከላይኮሚንግ ወይም ከሮታክስ ሞተሮች ዋጋ አጠገብ ሲቀመጥ ቀልድ ይመስላል። የገዛችሁት ግን ባዶውን ሞተር ብቻ ነው። ዙር መቀነሻው (ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ዝግ ብሎ እንዲዞር የሚያደርገው)፣ ራዲያተሩ፣ የሞተር መቀመጫው፣ የጭስ ማውጫው፣ ተጠባባቂው ባትሪና ፓምፕ፣ ልኩ የሆነው ፕሮፔለር ገና ናቸው። ሁሉንም ወረቀት ላይ ደምራችሁ ከዚያ አወዳድሩ። ልዩነቱ ይጠብባል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። አውሮፕላኑን ለመሸጥ የወጣችሁ ዕለት ደግሞ ገዢው የሞተሩን ስም ሲሰማ ፊቱ እንደሚለወጥ ከወዲሁ አስቡት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የመኪና አምራች «130 የፈረስ ጉልበት» ብሎ ሲጽፍ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ቁጥር አንብቡ፤ በደቂቃ 5,500 ወይም 6,000 ዙር ትላለች። ፕሮፔለር በዚህ ፍጥነት አይዞርም። ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.75 ሜትር የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 2,700 ዙር ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 247 ሜትር ያህል ይሄዳል። ያንኑ ፕሮፔለር በ5,500 ዙር ብታዞሩት ጫፉ በሰከንድ ከ500 ሜትር ያልፋል። ድምፅ ራሱ በባሕር ወለል ላይ የሚጓዘው በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ጫፉ ወደዚያ ፍጥነት ሲጠጋ ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የከፈላችሁበት ጉልበት አየር ሲያምስ ያልቃል።

እንግዲህ ያላችሁ መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ፕሮፔለሩን በቀጥታ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ አስሮ ሞተሩን በዝግታ ማሠራት ነው። ቮልስዋገንና ኮርቬር በአብዛኛው የሚገጠሙት እንዲህ ነው። ክራንክሻፍቱ ግን መኪና ውስጥ ሳለ የማያውቀው ሸክም ይመጣበታል። ፕሮፔለሩ ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ የአውሮፕላኑ አፍንጫ በዞረ ቁጥር ደግሞ በፍጥነት የሚሽከረከረው ፕሮፔለር አቅጣጫዬን አልቀይርም ብሎ የክራንክሻፍቱን ጫፍ ያጥፈዋል። የኮርቬር ክራንክሻፍት በተደጋጋሚ እየተሰበረ ያስቸገረው በዚህ ነው፤ ሠሪዎቹ መፍትሔ ያገኙት ከፕሮፔለሩ በኩል አምስተኛ ኩሽኔታ በመጨመር ነው። ይህን ጨምሮ ያልተሠራ ኮርቬር «ርካሽ ነው» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢመጣ፣ አመስግናችሁ ሸኙት።

ሁለተኛው መንገድ ዙር መቀነሻ ነው፤ በማርሽ ወይም በቀበቶ። ብልህ የሆኑ ልጆች ሲሸነፉ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ማርሹን በሚያስተላልፈው ጉልበት ልክ አስልተው ይሠሩታል፤ ማርሹ ግን ይበላል፣ ዘንጉ ይቆረጣል። ምክንያቱም የሞተር ጉልበት እንደ ውኃ አይፈስም። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይመታል። ከባዱ ፕሮፔለር በአንድ ጫፍ፣ ሞተሩ በሌላው ጫፍ ሆኖ መካከል ያለው ዘንግ እየተጠመዘዘ ይመለሳል። የምቱ ቁጥርና የዘንጉ ተፈጥሯዊ ንዝረት የሚገጥሙበት ዙር አለ። ያኔ፣ ዥዋዥዌን በልኩ እየጠበቁ ሲገፉት ከፍታው እንደሚጨምር፣ የዘንጉም መጠማዘዝ እየበረታ ይሄዳል። ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ ላይሰማችሁ ይችላል። ባለ 100 የፈረስ ጉልበቱ ሮታክስ 912 በ5,800 ዙር እየሠራ ፕሮፔለሩን ወደ 2,390 ገደማ የሚያወርደው ማርሽ፣ ከነንዝረት መከላከያው ከሞተሩ ጋር አብሮ ተነድፎ አብሮ የተፈተነ ነው። በየጋራዡ የሚሠራ መቀነሻ ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ መቀነሻ ስትገዙ ሻጩን ስለ ብረቱ ጥራት አትጠይቁት፤ በዚሁ ሞተርና በዚሁ ፕሮፔለር ስንት ሰዓት እንደተበረረበትና ንዝረቱ ተለክቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ክብደትን በአጭሩ። ሞተሩ በአውሮፕላኑ የንድፍ ሥዕል ላይ ካለው 15 ኪሎ ቢበልጥና ከሚዛን ነጥቡ 1.2 ሜትር ወደ ፊት ቢቀመጥ፣ ሚዛኑን ለመመለስ 3.6 ሜትር ወደ ኋላ ጅራቱ ላይ 5 ኪሎ ትጨምራላችሁ። 15 ኪሎው 20 ሆነ ማለት ነው፤ ይህም የሚቀነሰው ከምትጭኑት ነዳጅ ወይም ሰው ነው። ሻጩ የሚነግራችሁን ክብደት ተዉት። ውኃውን፣ ዘይቱን፣ ቱቦውን፣ ባትሪውን ሁሉ ሚዛን ላይ አውጡ።

ሙቀትም አለ። መኪና ሜዳ ላይ ሲነዳ ከሙሉ ጉልበቱ ጥቂቱን ነው የሚጠቀመው። አውሮፕላን ሲነሣ ሙሉውን፣ ሲጓዝም ለሰዓታት ከ65 እስከ 75 በመቶውን ይፈልጋል። በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ሲሊንደር ራስ ሙቀት የሚያስወጣበት ወለል ውስን ነው፤ ከሲሊንደሩ መስፋት ጋር አብሮ አያድግም። ስለዚህ ሲሊንደሩን አስፍተው ትልቅ ያደረጉት ቮልስዋገን ለመነሣት የሚሰጣችሁን ጉልበት ለጉዞ አትጠብቁት።

አንድ ነገር ግን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። በበረራ ላይ የጠፋ ሞተር ተፈትቶ ሲታይ ፒስተኑም ሲሊንደሩም ደህና ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጥፋቱ ነዳጅ የሚያደርሰው ቱቦ ላይ፣ የላላ የሽቦ ጫፍ ላይ፣ የታፈነ የነዳጅ ታንክ መተንፈሻ ላይ ይገኛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 ባወጣው ጥናት፣ በግል በተሠሩ አውሮፕላኖች ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች መካከል የሞተርና የተያያዥ ክፍሎቹ ብልሽት ከቁጥጥር መውጣት ጋር ግንባር ቀደም ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሞተሩን ከመረጣችሁበት ትጋት እጥፉን ነዳጁ ላይ አውሉት።

ፈተናው ቀላል ነው። አፍንጫውን በጣም ሽቅብ በሚወጣበት ማዕዘን ልክ ከፍ አድርጋችሁ ደግፉት። ታንኩ ውስጥ ትንሽ ነዳጅ ብቻ ይኑር። ቱቦውን ካርቡሬተሩ ጋ ፍቱትና መስፈሪያ አስቀምጣችሁ ሰዓት ያዙ። ነዳጁ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ ለመነሣት ከሚፈልገው 150 በመቶ፣ በፓምፕ ከሆነ 125 በመቶ መፍሰስ አለበት። በሰዓት 30 ሊትር የሚጠጣ ሞተር በክብደት ከሚወርድ ታንክ ቢያንስ 45 ሊትር፣ ማለትም በደቂቃ 750 ሚሊ ሊትር ማግኘት ይኖርበታል። 600 ከመጣ «ይበቃል» አትበሉ። የታጠፈ ቱቦ ወይም የጠበበ ማጣሪያ አለና ፈልጉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

የመኪናው ሞተር በኮምፒውተር የሚመራ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ በጠፋ ቅጽበት ሞተሩም ይጠፋል። ማግኔቶ (በሞተሩ እየዞረ የራሱን ብልጭታ የሚያመነጭ መሣሪያ) ያለው ሞተር ባትሪ ሳይፈልግ ካንዴላውን ያቀጣጥላል፤ ሮታክስ 912ም ለማቀጣጠያው የራሱ ኃይል ማመንጫ አለው። ይህ ከሌላችሁ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ፓምፕ፣ ሁለት የተለያየ የሽቦ መስመር ግድ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተሮችን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ቀላልና ብርቱ ናቸው፣ ግን ሮታክስ 582 ሙሉ እድሳት የሚጠይቀው በ300 ሰዓት ሲሆን 912 እስከ 2,000 ይሄዳል።

የቱን ትመርጣለህ ብትሉኝ፣ ለመጀመሪያ አውሮፕላን ነዳፊው ሥዕሉ ላይ ያስቀመጠውን እመርጣለሁ፤ ያገለገለም ቢሆን። ለቀላልና ዝግተኛ አውሮፕላን፣ ሞተር መፍታት ለሚወድ እጅ፣ በቀጥታ የታሰረ ቮልስዋገን ወይም በሚገባ የታደሰ ኮርቬር አልጠላም። በእናንተው አውሮፕላን ላይ ከዚህ በፊት ማንም ያልገጠመውን ሞተር ግን ለሦስተኛው አውሮፕላናችሁ አቆዩት።

በአሜሪካ ደንብ አብረው የተመሰከረላቸው ሞተርና ፕሮፔለር ያሉት አውሮፕላን ብዙ ጊዜ የ25 ሰዓት፣ ከዚያ ውጭ ያለው የ40 ሰዓት የሙከራ በረራ ይሰጠዋል። እናንተ 40ውን እንደ መነሻ ያዙት። በነዚያ ሰዓታት ብቻችሁን ብረሩ፤ ሞተሩ ቢጠፋ ተንሸራትታችሁ ሜዳው ላይ ከምትደርሱበት ርቀት አትውጡ። ከየበረራው በኋላ ሽፋኑን አውልቃችሁ በባትሪ መብራት የዘይት ላብና የጭስ ማውጫ ስንጥቅ ፈልጉ። ዘይት ስትቀይሩ ማጣሪያውን ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉና ማግኔት አስኪዱበት። ማግኔቱ ላይ የብረት ፍቅፋቂ ከተጣበቀ፣ ከየት እንደመጣ እስክታውቁ ድረስ ሞተሩን አታስነሡት።