ራጁ ደህና ነው ተብሎ ቁርጭምጭሚት ሲያም

እህቴ፣ «ከወለምታ በኋላ ቁርጭምጭሚቴን ከፊት በኩል ያመኛል፤ ራጅ ተነስቼ ምንም የለም አሉኝ፤ ኤምአርአይ ልነሳ?» ላልሽው፣ እኔም በዚሁ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

የኔም የጀመረው ኳስ ስጫወት በመጣ ወለምታ ነው። እብጠቱ ጠፋ፣ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። ደልዳላ መሬት ላይ ስራመድ ምንም አይለኝም። ደረጃ ስወርድና ቁጢጥ ስል ግን ከፊት፣ ወደ ውጭ ጠጋ ብሎ ይቆነጥጠኛል። ሐኪሙ ራጁን ሳያይ በአውራ ጣቱ ቦታዋን ተጫነና እግሬን ወደ ላይ አጠፈው። ጮህኩ። በኔ እምነት ከየትኛውም ምስል በፊት መምጣት ያለበት ይሄ ምርመራ ነው።

ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። ከወለምታ በኋላ መገጣጠሚያው ውስጥ ያበጠ ሽፋን ወይም ጠባሳ ካለ አይታይበትም። ትርፍ አጥንትም (ከአጥንቱ ጠርዝ ላይ የሚያድግ ጉጥ) ቢሆን ከፊት ወደ ውስጥ በኩል ከሆነ በተለመደው የጎን ራጅ ሊደበቅ ይችላል፤ እግር ጋደል ተደርጎ የሚነሳ ራጅ አለ፣ ጠይቂ። ኤምአርአይ ጅማቱን፣ የአጥንቱን ልባስ (መገጣጠሚያው ላይ ያለውን ካርቲሌጅ) እና አጥንት ውስጥ ያለ እብጠትን ያሳያል። ግን እሱም ብቻውን ፈራጅ አይደለም። ትርፍ አጥንት ኖሯቸው ምንም የማያማቸው ኳስ ተጫዋቾች ሞልተዋል። ምስሉ ላይ ያለው ነገርና ጣትሽ የሚያመለክተው ቦታ መግጠም አለባቸው።

እኔን ያሳረፈኝ መርፌው ነው። በአልትራሳውንድ እያዩ ማደንዘዣና ስቴሮይድ (እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ቦታው ላይ ወጉኝ። ወዲያው ቁጢጥ ብዬ ሞከርኩ፤ ቁንጥጫው የለም። ማደንዘዣው ሕመሙን ካጠፋው፣ ምንጩ እዚያው ነው ማለት ነው።

ከዚያ ፊዚዮቴራፒ፣ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ፣ ጫማ ውስጥ ተረከዝን ከፍ የሚያደርግ ሶል። አደራ፣ «ይፍታታልሻል» ብለው ቁርጭምጭሚትሽን በግድ ወደ ላይ እንዲያጥፉት አትፍቀጂ! አጥንት ከአጥንት እየተጋጨ ከሆነ ያብስብሻል። ለወራት በደንብ ታክመሽ ካልተሻለሽ በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አለ። የአጥንቱ ልባስ ብዙ ካለቀ ግን ውጤቱ ያን ያህል ስለማይሆን፣ ኤምአርአይ ከዚያ በፊት ይጠቅማል።

ኤምአርአይ ስትነሺ የማዘዣው ወረቀት ላይ «የቁርጭምጭሚት ሕመም» ብቻ አይጻፍ። የቱ ጋ እንደሚያምሽና ምን ስታደርጊ እንደሚብስብሽ ይጻፍ፤ ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ እዚያ ቦታ ላይ አተኩሮ ያየዋል።