ጄ-1 ቪዛ ላይ ሆነሽ ሁለተኛ ሥራ አትያዢ

የደረሰኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ሕክምና የተማርኩት ጎንደር ነው። በጁን 2024 በጄ-1፣ ማለትም በልውውጥ ቪዛ፣ አሜሪካ ገባሁ። አሁን የኢንተርናል ሜዲስን (የአዋቂዎች የውስጥ ደዌ) ሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት፣ ማለትም ሆስፒታል እየሠራሁ የምሰለጥን ሐኪም፣ ነኝ። ደመወዜ በዓመት 66 ሺህ ዶላር ነው። አባቴ አዲስ አበባ ዲያሊሲስ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ የግል ኮሌጅ ይማራል። የሁለቱም ወጪ እኔ ላይ ነው። ባለቤቴ በጄ-2 አብሮኝ መጥቷል፤ ሥራ ግን የለውም። አብረውኝ ያሉ ሬዚደንቶች ሙንላይቲንግ፣ ማለትም ከስልጠናው በተጨማሪ ሌላ የሚከፈልበት ሥራ፣ እየሠሩ ደህና ገንዘብ ያገኛሉ። እኔንም አንድ ኧርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚታከሙበት ክሊኒክ) ቅዳሜ ለ12 ሰዓት እንድሠራ፣ በሰዓት 110 ዶላር ሊከፍለኝ ጠይቆኛል። ሥራ አስኪያጁ ‹ቪዛሽን ማንም አይጠይቅሽም፣ በ1099 እንከፍልሻለን› አለኝ። በወር ሁለት ቅዳሜ ብቻ ብሠራ ምን ይለኛል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ዲያሊሲስ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚመላለሱበት፣ የማይቋረጥ ወጪ ነው። «ትንሽ ታገሺ፣ ስትጨርሺ ይደርሳል» የሚለው ምክር ለአንቺ እንደማይሠራ ይገባኛል። ቢሆንም ዓይኔን ሳላሽ የምነግርሽ አትሥሪ ነው። በወር ሁለት ቅዳሜም፣ አንድ ቅዳሜም ቢሆን አትሥሪ።

ምክንያቱ ቪዛሽ ነው። የጄ-1 ሐኪሞችን ስፖንሰር የሚያደርገው ኢሲኤፍኤምጂ የሚባለው ድርጅት ነው። ዲኤስ-2019 በሚባለው የጄ-1 ወረቀትሽ ላይ የተጻፈው ፕሮግራምሽ ብቻ ነው፤ በጄ-1 የምትሠሪውም የምትከፈዪውም እዚያ ለተፈቀደው ስልጠና ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ በክፍያ የሚሠራ ማንኛውም ሥራ ሕገወጥ ነው። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፤ የራስሽ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሙንላይቲንግም ለጄ-1 አይፈቀድም። ሕንፃው ያው፣ ባጁ ያው፣ አለቃሽም ያው ሊሆን ይችላል። ከስልጠናው በላይ የተለየ ክፍያ ካለው ግን ሙንላይቲንግ ነው። ፕሮግራም ዳይሬክተርሽ «እኔ ፈቅጃለሁ» ቢሉሽ እንኳ እሳቸው የቪዛ ሕግ የመሻር ሥልጣን የላቸውም።

«ማንም አይጠይቅሽም» ያለሽ ሰውዬ ዛሬን ብቻ ነው የሚያስበው። አንቺ ግን ሦስት አራት ዓመት አርቀሽ ማየት አለብሽ። 1099 ማለት እኮ ክሊኒኩ ይህን ያህል ከፍያታለሁ ብሎ በስምሽ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚልከው ወረቀት ነው። ስለዚህ የተደበቀ ነገር የለም፤ ሥራው በጽሑፍ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ስልጠናሽን ስትጨርሺ ደግሞ የምትቀጠሪበት ሆስፒታል ክሬደንሺያሊንግ የሚባለውን ሥራ ይጀምራል። ከተመረቅሽ ጀምሮ የሠራሽበትን ቦታ ሁሉ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ ማን መድን እንደገባልሽ ጭምር ይጠይቅሻል። ያን ቀን ኧርጀንት ኬሩን ብትጽፊው ቪዛሽን መጣስሽን በገዛ እጅሽ መሰከርሽ። ባትጽፊው ዋሸሽ። ሐኪም ደግሞ ማመልከቻ ላይ ዋሽታ ከተያዘች ላይሰንሷ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሌላም አለ። ጄ-1 ይዞ የሰለጠነ ሐኪም ስልጠናውን ሲጨርስ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለበት። እዚህ ለመቅረት ከፈለገ ዌይቨር፣ ማለትም ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ፣ ያስፈልገዋል። አብዛኛው ሰው የሚሄድበት መንገድ ኮንራድ 30 ነው። እያንዳንዱ ስቴት በዓመት 30 ሐኪሞችን መደገፍ ይችላል፤ ሐኪሙም የሐኪም እጥረት ባለበት አካባቢ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዓት ይሠራል። ከጄ-1 ወደ ኤች-1ቢ፣ ማለትም ወደ ሥራ ቪዛ፣ የሚሻገረውም በዚህ ነው። ያ ሽግግር የሚጠይቀው ዋናው ነገር እስከዚያ ድረስ ቪዛሽን ሳትጥሺ መቆየትሽን ነው። ከጣስሽ ስፖንሰርሺፑ ሊቋረጥ ይችላል፤ ስፖንሰርሺፑ ሲቋረጥ ሬዚደንሲውም ይቆማል። በወር 2,640 ዶላር፣ ያውም ታክስ ሳይነካው፣ ለዚህ ሁሉ ዋጋ አይሆንም። አባትሽን ለዓመታት ማሳከም የሚችለው ነገ የምታገኚው የስፔሻሊስት ደመወዝ ነው። እሱን አታስይዢው።

ላይሰንስሽንም አይተሽዋል? ሬዚደንት ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የስልጠና ላይሰንስ ነው። እሱ የሚያሠራሽ ፕሮግራምሽ ውስጥ ብቻ ነው። ሙሉ ላይሰንስ ለማግኘት ደግሞ ስቴፕ 3 የሚባለውን የሐኪሞች ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ለተማረ ሐኪም እንደየስቴቱ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሬዚደንሲ ስልጠናም ይጠየቃል። በስልጠና ላይሰንስ ኧርጀንት ኬር ገብቶ በሽተኛ ማየት ያለፈቃድ ማከም ነው። ይህንን ሳይጠይቅ «ነይ ጀምሪ» ያለሽ ክሊኒክ፣ ቪዛሽ ችግር ባይኖረው እንኳ፣ ልትሠሪበት የሚገባ ቦታ አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ያስጨነቀሽ እሱ ነውና።

ዛሬ ማታ የደመወዝ ወረቀትሽን አውጪና «ሶሻል ሴኩሪቲ» እና «ሜዲኬር» የሚሉትን መስመሮች ተመልከቺ። አንዱ 6.2 በመቶ፣ ሌላው 1.45 በመቶ ነው፤ አንድ ላይ 7.65። ከዚህ በፊት በተማሪ ወይም በልውውጥ ቪዛ አሜሪካ ኖረሽ የማታውቂ ከሆነ፣ የጄ-1 ሐኪም እንደመሆንሽ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት የካላንደር ዓመታት ለታክስ ነዋሪ ሆነሽ አትቆጠሪም። በእነዚያ ዓመታት ይህ ገንዘብ ከአንቺ መቆረጥ የለበትም። ያንቺ ሁለት ዓመታት 2024 እና 2025 ናቸው። በጁን ብትመጪም 2024 እንደ አንድ ሙሉ ዓመት ይቆጠራል። ብዙ የሆስፒታል ደመወዝ ክፍሎች ግን ይህንን ሳያጣሩ እንደማንኛውም ሠራተኛ ይቆርጣሉ። በ66 ሺህ ዶላር ደመወዝ ላይ በሙሉ ዓመት የሚቆረጠው ወደ 5,000 ዶላር ይጠጋል። ተቆርጦብሽ ከሆነ መጀመሪያ ለደመወዝ ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቺ። አንመልስም ካሉሽ ፎርም 843ን ከፎርም 8316 ጋር አያይዘሽ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ለአይአርኤስ፣ ትልኪያለሽ። የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ ስላለው አታሳድሪው። ይህ ገንዘብ ሳይገባ የተወሰደብሽ የራስሽ ገንዘብ ነው። የሦስት ቅዳሜ ሥራ ሙሉ ክፍያ እንኳ አይደርስበትም።

ሁለተኛው ባለቤትሽ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን ዋናው መፍትሔ እሱ ጋ ያለ ይመስለኛል። ጄ-2 ይዞ የመጣ ባል ወይም ሚስት በፎርም አይ-765 የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ፈቃዱ ከመጣ በኋላ የፈለገውን ሥራ በሕጋዊ መንገድ መሥራት ይችላል። ማመልከቻው ላይ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሕጉ የጄ-2 ገቢ የጄ-1 ባለቪዛዋ መተዳደሪያ እንዲሆን አይፈቅድም። ስለዚህ «የሚስቴ ደመወዝ አልበቃንም» ተብሎ አይጻፍም። ያንቺ ደመወዝ ለኑሯችሁ እንደሚበቃ፣ የእሱ ገቢ ለጉዞ፣ ለመዝናኛና ለመሳሰለው የቤተሰብ ወጪ እንደሆነ በእውነት መጻፍ አለበት። ፈቃዱ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬ ነገ አትበሉ። አገር ቤት ባለሙያ የነበረ ሰው እዚህ ቤት ሲውል የሚሰማውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሥራው ከገንዘቡ በላይ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው ቤተሰብ ነው። አሜሪካ ያለች ዶክተር ሲባል እዚያ የሚታሰበው ሌላ ነው። የሬዚደንት ደመወዝ ታክሱ፣ የቤት ኪራዩና መኪናው ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረውን ቁጥር ለወንድምሽ በግልጽ ንገሪው። በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም በዪ። የአባትሽ ዲያሊሲስ ይቅደም። የወንድምሽ ኮሌጅ ሊቆይ ይችላል፤ ወይም እሱም እየሠራ ይማር። ይህን ስነግርሽ ጨካኝ ልመስል እችላለሁ። ግን በስልክ «እሺ» እያሉ እዚህ በእዳ የተነከሩ ሐኪሞችን አውቃለሁና ነው።

ይህንን ከሚያነቡት መካከል በዲቪ መጥታችሁ ወይም በሌላ መንገድ ግሪን ካርድ ይዛችሁ ሬዚደንሲ ላይ ያላችሁ አላችሁ። ለእናንተ መልሱ ይለያል። ሙንላይቲንግ ይቻላል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል።

አንደኛ ዓመት ከሆናችሁ እርሱት፤ ስልጠናውን የሚቆጣጠረው ኤሲጂኤምኢ ለአንደኛ ዓመት ሬዚደንት ይከለክላል። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የፕሮግራም ዳይሬክተሩ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኮሪደር ላይ በቃል «እሺ» መባል አይበቃም። ጭራሽ የማይፈቅዱ ሆስፒታሎችም አሉ። ሙሉ ላይሰንስና ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች ለማዘዝ የሚያስችል የራሳችሁ ዲኢኤ ቁጥርም ያስፈልጋችኋል፤ ሆስፒታሉ ለስልጠና የሰጣችሁ ቁጥር ውጭ አይሠራም።

ሰዓቱን በሚገባ ቁጠሩት። በሳምንት 80 ሰዓት የሚለው ገደብ በአራት ሳምንት አማካይ የሚሰላ ሲሆን፣ ሙንላይቲንጉም ውስጥ ሠራችሁት ውጭ እዚያው ላይ ይደመራል። አራት ሳምንት ማለት 320 ሰዓት ነው። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ላይ በሳምንት 72 ሰዓት ከሠራችሁ 288 ሄደ። የቀረው 32 ነው፤ ሁለት የ12 ሰዓት ሺፍት ብቻ። ይህ ገደብ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ተማሪ ሆስፒታል ገብታ በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ያከሟት ረጅም ሰዓት የሚሠሩ ሬዚደንቶች ነበሩ። ከዚያ ክርክር በኋላ ኒው ዮርክ በ1989 የሰዓት ገደብ አወጣች፤ በ2003 ኤሲጂኤምኢ ለመላው አገሪቱ አደረገው። ሰዓት ደብቃችሁ ስትመዘግቡ የምትደብቁት ከበሽተኛው ነው። ለራሳችሁም አስቡ። በ2005 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሠርተው የወጡ ኢንተርኖች (የአንደኛ ዓመት ሬዚደንቶች) መኪና የመጋጨት ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። የዕረፍት ቀናችሁን በሙሉ አትሽጡ።

ሰው ቸል የሚለው ግን ማልፕራክቲስ ኢንሹራንሱን፣ ማለትም በሕክምና ስህተት ሲከሰሱ የሚሸፍነውን መድን፣ ነው። የፕሮግራማችሁ መድን የሚሸፍነው ስልጠናውን ብቻ ነው። ክሊኒኩ «እንሸፍናችኋለን» ሲል የውሉን ወረቀት አስመጡና ሁለት ዓይነት መድን እንዳለ እያወቃችሁ አንብቡ። አንደኛው ሥራው በተሠራበት ቀን መድኑ ካለ፣ ክሱ መቼም ይምጣ መቼ፣ ይሸፍናል። ሁለተኛው፣ ክሌምስ-ሜድ የሚባለው፣ ክሱ በመጣበት ቀን መድኑ በሥራ ላይ ካልሆነ አይሸፍንም። ክስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ እናንተ ክሊኒኩን ለቃችሁ ሌላ ስቴት ፌሎውሺፕ (ከሬዚደንሲ ቀጥሎ ያለው ስልጠና) ላይ ናችሁ። ቴል የሚባለው የማራዘሚያ መድን ካልተገዛላችሁ ብቻችሁን ትቆማላችሁ። ስለዚህ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት «ቴሉን ማን ይከፍላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ከ1099 ገቢ ላይ ታክስ የሚቆርጥላችሁ የለም። በግል ለሚሠራ ሰው የሚታሰበው 15.3 በመቶ አለ፤ ከዚያ ላይ የገቢ ታክሱ። ከእያንዳንዱ ቼክ ሲሶውን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ በየሩብ ዓመቱም ክፈሉ።

የሥራውን ዓይነት በተመለከተ የራሴን አስተያየት ልስጥ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ሬዚደንት ገጠር ድንገተኛ ክፍል ብቻውን ማደር የለበትም ባይ ነኝ። ክፍያው ከፍ የሚለው ሌላ ሐኪም ስለሌለ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መተንፈስ ያቃተው ሕፃን ይመጣል፤ ኢንተርናል ሜዲስን የሚማር ሰው ደግሞ ሕፃናት አያክምም። የሚደወልለት ሲኒየር ያለበት፣ የምታውቁት ዓይነት በሽተኛ የሚተኛበት የራሳችሁ ሆስፒታል የሌሊት ተረኝነት በክፍያ ቢያንስም ይሻላል።

ኤች-1ቢ ላይ ያላችሁ ደግሞ መካከል ላይ ናችሁ። ቪዛው የአንድ ቀጣሪ ነው። ሁለተኛው ቀጣሪ የራሱን ማመልከቻ ለኢሚግሬሽን ካላስገባላችሁ ለእሱ መሥራት አትችሉም። በ1099 ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ክሊኒኩ ለሁለት ሺፍት ብሎ ያንን ጣጣ አይገባም፤ ሆስፒታል ግን አንዳንዴ ያደርገዋል። ጠበቃ ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ለሥራ አስኪያጁ «አመሰግናለሁ፣ ቪዛዬ አይፈቅድም» ብለሽ ዛሬውኑ ጻፊለት፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ነገ ሬዚደንቶችን የሚያስተዳድረው ቢሮ ሂጂና የጄ-1 ጉዳይ የያዘችውን ሠራተኛ ስለባለቤትሽ የሥራ ፈቃድ ጠይቂያት። የ2024 እና የ2025 ዳብሊው-2 ወረቀቶችሽንም (የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳዩትን) አውጪና ሳጥን 4 እና ሳጥን 6 ላይ ቁጥር ካለ፣ ስምሽንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን ሸፍነሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ለደመወዝ ክፍሉ የሚገባውን ደብዳቤ አብረን እንጽፈዋለን።