ዳኛዋ ቤት ሄጄ ልለምናት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከቆጪ ሰፈር ነው። ልጄ 26 ዓመቱ ነው። ወንበርና በርጩማ የሚሠራ አናጢ ነው። አምና ከሥራ ጓደኛው ጋር በቀብድ ገንዘብ ተጣሉና በጣውላ እጁን መታው። የጓደኛው ጣቶች ተሰብረው እስካሁን መላጊያ በወጉ አይጨብጥም አሉ። ልጄ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ቢከራከርም ምስክር ተሰማበትና በከባድ የአካል ጉዳት ጥፋተኛ ተባለ። አሁን ማረሚያ ቤት ነው። ለቅጣት የተቀጠረው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። አባቱ ሞቷል፣ እኔንና ታናሽ እህቱን የሚያኖረን እሱ ነው። ከዚህ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ አያውቅም። ዳኛዋ ቤት ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ? አንድ ሰውዬ ደግሞ «ሰው አለኝ፣ 40 ሺህ ብር ካመጣሽ በገደብ ይወጣል» ይለኛል። ያለችኝን አንድ ላም ልሸጥ ነው። ምን ይሻለኛል?
የጨነቃት እናት

መልስ፦ ላሟን አይሽጧት። ማለቴ፣ ለዚያ ሰውዬ ብለው አይሽጧት።

«ሰው አለኝ» ባዮችን አውቃቸዋለሁ። አሠራራቸው ቀላል ነው። ከአምስት ሰው ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ከአምስቱ ለአንዱ ፍርድ ቤቱ በራሱ ገደብ ይሰጠዋል፣ ማለትም ቅጣቱን አግዶ ይለቀዋል፣ «አየሽ፣ እኔ ነኝ» ይላሉ፤ የቀሩት አራቱ ሲደውሉ ስልኩ ዝግ ነው። ጉቦ ደግሞ ሰጪውንም ያስከስሳል። አንድ እስረኛ ያለበት ቤት ሁለተኛ አይጨምር።

ዳኛዋም ቤት አይሂዱ። እንባዎትን አይታ ብታዝን እንኳ በዚያ መንገድ ልትረዳዎት አትችልም። ልመናውን ሕጉ ራሱ ቦታ ሰጥቶታል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 149 እንደሚለው፣ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ዐቃቤ ሕግ ስለ ቅጣቱ አስተያየት ይሰጣል፣ ከዚያ ልጅዎ ወይም ጠበቃው መልስ ይሰጣል፣ ስለ ጠባዩም ምስክር ማቅረብ ይችላል። ጠበቃ ከሌለው ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ዛሬውኑ ይጠይቁ።

ይህ ቀጠሮ ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም ስለ ከባድ የአካል ጉዳት የሚደነግገው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ሰፊ ነው፤ ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት። በመካከሉ ያለው ርቀት የአንድ ሰው ወጣትነት ነው። ማቅለያዎቹ አንቀጽ 82 ላይ ተዘርዝረዋል። ከእነሱ ውስጥ እናንተ ገና ልትሠሩበት የምትችሉት «ሠ» ላይ ያለው ነው፦ መጸጸት፣ ጥፋትን ማመን፣ የተጎዳውን መርዳት፣ በተቻለ መጠን ጉዳቱን መካስ።

እዚህ ላይ ልቆጣዎት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ተጎዳው ልጅ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም «አሉ» የሚል። አልጠየቁትም ማለት ነው። አናጢ እጁ ሲሰበር ምን እንደሚሆን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል? የልጅዎም እንጀራ እኮ በእጁ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌ ይላኩ፣ ሁለቱም ቤተሰብ የሚያከብራቸውን ሰዎች። እርስዎ ብቻዎን ሄደው አያልቅሱበት፣ ሚስቱንም አያስጨንቁ፣ «ቃልህን ቀይር» የሚል ነገር ደግሞ ከማንም አፍ እንዳይወጣ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ለሕክምና ስንት እንዳወጣ፣ ስንት ወር ከሥራ እንደቀረ ይጠይቁ። ላሟ የምትሸጠው ያኔ ነው። ካሳውን ሲቀበል፣ ይቅር ካለም፣ በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክሮች ይፈርሙበት፣ ኮፒው ለጠበቃው ይድረስ። እምቢ ካለ መብቱ ነው፣ መሞከራችሁ ግን ይነገራል። ዕርቅ ክሱን አይሰርዘውም፣ ጉዳዩ የዐቃቤ ሕግ ነውና። ቅጣቱ ላይ ግን ይመዝናል።

ልጅዎ ገና ከመነሻው አምኖ ቢሆን የበለጠ ይጠቅመው ነበር። አሁንም «አልመታሁም» እያሉ ምሕረት መለመን አይሆንም፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ይግባኝ የማለት ሐሳብ ካላችሁ ግን ችሎት ላይ ምን ማለት እንዳለበት አስቀድሞ ከጠበቃው ጋር ይነጋገር።

ስለ ቤተሰቡ ችግርም ይነሣ። 82 ላይ ያልተዘረዘረ ምክንያት ቢሆንም፣ አንቀጽ 86 ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ገልጾ እንዲቀበለው ይፈቅዳል። «ጥሩ ልጅ ነው» ግን ሁሉም እናት የሚለው ነው፣ ዳኞች ቀኑን ሙሉ ሲሰሙት ይውላሉ። የባለቤትዎን የሞት ማስረጃ፣ የኪራይ ውሉን፣ የእህቱን የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ሪከርድ እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት ይያዙ። ለጠባይ ምስክርነት ከእርስዎ ይልቅ ያሠራው የነበረው ባለ ወርክሾፕ ወይም የእድሩ ዳኛ ይሻላል። በጽሑፍ የሚገባው በአፋን ኦሮሞ መሆን አለበት፣ የችሎቱ ቋንቋ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉልዎታል፣ ከመፈረምዎ በፊት ግን ያስነብቡት፣ አንዳንዶቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ልቅሶ ነው የሚገለብጡት።

ገደብ ይሰጠዋል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ከተሰጠ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጠባዩ የሚታይበት ጊዜ ነው፣ በዚያ መካከል ማጥፋት ጣጣ አለው። ካልተሰጠም እስካሁን የታሰረው ይታሰብለታል።

ሁለት ሳምንት ለሽምግልና አጭር ነው። ሽማግሌዎቹን ዛሬ ማታ ያነጋግሯቸው።