ሪፕሊኬሽኑ ሌሊት ላይ «ታርጌት አልተገኘም» እያለ ለሚቆምባችሁ

ጥያቄው ከሐዋሳ ነው የመጣው። ቢሯቸው ያለው የባክአፕ ናስ (ፋይል የሚቀመጥበት፣ ኔትወርክ ላይ የሚሰካ የዲስክ ሳጥን) አዳማ ቅርንጫፍ ወዳለው ተመሳሳይ ናስ እንዲገለብጥ ተደርጓል፣ ሪፕሊኬሽን የሚባለው ይሄው ነው። ዳታው 1.8 ቴራባይት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ይጀምራል፣ ትንሽ ይሄድና «ታርጌት አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ጠያቂዋ ታርጌቱን፣ ማለትም ኮፒው የሚላክበትን መድረሻ፣ ሦስት ጊዜ አጥፍታ እንደገና ሠርታዋለች።

እህቴ፣ እኔ የምጠረጥረው አዳማ ያለውን ራውተር ነው። እዚሁ አዳማ ስለምሠራ ነገሩን አውቀዋለሁ። መብራት እልም ብሎ ሲመለስ ራውተሩ አዲስ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ይዞ ይነሳል። በላክሽው ፎቶ ላይ ደግሞ ታርጌቱ የተሞላው በአይፒ ቁጥር ነው። ናሱ ሰው የለቀቀውን ቤት እያንኳኳ ነው ማለት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲቆም አዳማ ላለው ሰው ደውዪ፣ ራውተሩ ላይ የሚታየውን የዋን አይፒ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል ያለውን አድራሻ፣ ያንብብልሽ። ታርጌቱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ጥፋቱ ተገኘ።

ማንኛውንም ነገር ከመንካትሽ በፊት ግን አዳማ ባለው ናስ ላይ ስናፕሾት (ፋይሎቹ በአንድ ወቅት የነበሩበትን ሁኔታ ይዞ የሚያቆይ፣ ወደ ኋላ መመለሻ) አብሪ፣ ቢያንስ የ30 ቀን። ሪፕሊኬሽን ታማኝ ነው፤ ሐዋሳ ላይ የጠፋውን አዳማም ላይ ያጠፋዋል፣ ቫይረስ የቆለፈውንም እንደተቆለፈ ይወስደዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ይሄን ለሁሉም ሰው በወረቀት እየጻፍኩ ነው የማሳየው። የኢንተርኔት ፍጥነት በሜጋቢት ነው የሚነገረው፣ ፋይል ግን በሜጋባይት ነው፣ 8 ቢት አንድ ባይት ነው። የሐዋሳው መስመር ወደ ላይ የሚልከው 4 ሜጋቢት ከሆነ በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ነው። 1.8 ቴራባይት ማለት 1,800,000 ሜጋባይት ነው። ለግማሽ አካፍዪው፣ 3,600,000 ሰከንድ፣ ወደ 42 ቀን። ያውም ቀንና ሌሊት ሳይቆም! አንቺ ደግሞ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ 8 ሰዓት ብቻ ነው የሰጠሽው፣ ስለዚህ አራት ወር ያልፋል። አይፒው ባይቀየርም፣ ታርጌቱን ባጠፋሽ ቁጥር ከዜሮ እየጀመርሽ መቼም አትጨርሺም።

ስለዚህ የአዳማውን ናስ ሐዋሳ አምጪው። ሃርድ ዲስኮቹን አውጥተሽ በየቁጥራቸው ምልክት አድርጊባቸው፣ በስፖንጅ ጠቅልለሽ በእጅሽ ያዣቸው። ሁለቱን ናሶች አንድ ስዊች (የኔትወርክ ኬብል ማከፋፈያ) ላይ ሰክተሽ የመጀመሪያውን ኮፒ እዚያው ጨርሺ። በጊጋቢት (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) ከሆነ አምስት፣ ስድስት ሰዓት ነው። የገበያው ርካሽ ኬብል ግን ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ጊጋቢት ያለሽው ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርድና ሁለት ቀን ያስቀምጥሻል። የሊንኩን ፍጥነት ናሱ ላይ አይተሽ ጀምሪ። ሦስቴ የተጀመሩት ግማሽ ኮፒዎችም ዲስኩን ይዘው ተቀምጠው ይሆናል፣ እነሱንም አጽጂ።

ቀድሞ የሠራው ሰው ያደረገው ነገር በጣም አናዶኛል። የናሱን አድሚን ገጽ (ማስተዳደሪያውን) በራውተሩ ፖርት፣ ማለትም ከውጭ በሚያስገባ በር፣ ከፍቶ ለዓለም ሰጥቶታል፣ ሪፕሊኬሽኑንም በአድሚን ፓስወርድ ነው ያስገባው። በፈረንጆቹ 2022 ዴድቦልት የተባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የኪውናፕ ኩባንያን ናሶች ያጠቃው እንዲህ ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡትን እየፈለገ ነው። ያን ፖርት ዛሬውኑ ዝጊው። ለሪፕሊኬሽን ብቻ የሚሆን ሌላ ዩዘር ፍጠሪ፣ መብቱም አንድ ፎልደር ላይ ብቻ ይሁን።

ናሱ አዳማ ሲመለስ ሁለቱን በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር) አገናኚያቸው። ናስሽ ቴይልስኬል የሚባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም የሚቀበል ከሆነ ቀላሉ እሱ ነው፣ የራውተሩ አይፒ ቢቀያየርም የቪፒኤኑ አድራሻ አይቀየርም። ከዚያ ታርጌቱን አታጥፊ፣ ኤዲት ብለሽ አድራሻውን ብቻ ቀይሪ። ራውተሩንም ናሱንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ላይ አድርጊ፣ ባትሪው በጭነት ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ራስሽ ሞክሪው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኚ።

ስናፕሾቱ መሥራቱን ሳታዪ ግን «ጀምር» የሚለውን እንዳትነኪ። መጀመሪያ አንድ ፋይል ሐዋሳ ላይ አጥፊና ከአዳማው ስናፕሾት መልሺው። ከተመለሰ ሌሊቱን ልቀቂው፣ ካልተመለሰ የሎጉን (ናሱ የሚይዘውን የሥራ መዝገብ) ፎቶ ላኪልኝ።