«ጋሼ፣ ከአባቴ በሕግ መለየት እችላለሁ?»

ቅዳሜ ከሰዓት ጅማ ውስጥ፣ አንዲት ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከሠፈር ልጆችና ከጥቂት ወላጆች ጋር ተቀምጠን ነበር። ጥያቄያቸውን ስም ሳይጽፉ በደብተር ወረቀት አድርገው ባዶ የስኳር ጣሳ ውስጥ ጨመሩልኝ። ጥብቅና ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ መልሱ የእኔ ድርሻ ሆነ። የመጀመሪያው ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ ነበር፣ ጠርዙ ላይ የቡና ጠብታ አለበት።

«16 ዓመቴ ነው። ሴት ነኝ። ፊልም ላይ እንዳየሁት ፍርድ ቤት ሄጄ ከአባቴ መለየት እችላለሁ?»

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ዝምድናን የሚቆርጥ ፍርድ ቤት የለም፤ አባትሽ አባትሽ ነው። ሊቀር የሚችለው ሥልጣኑ ነው። አንቺን የሚመለከተው አሳዳሪነት ይባላል፣ ንብረትሽን የሚመለከተው ደግሞ ሞግዚትነት። ሁለቱም 18 ሲሞላሽ በራሳቸው ያበቃሉ። ከዚያ በፊት ነፃ የሚያወጣው ወይ ጋብቻ ነው ወይ የፍርድ ቤት ውሳኔ። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የፍርድ ቤቱ መንገድ ከ14 ዓመት ጀምሮ ክፍት ነው።

ግን ያ አዋጅ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ጅማ ላይ የሚሠራው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995። ከኢንተርኔት የፌዴራሉን አንቀጽ ገልብጦ የሚመጣ ሰው ስንቱን አይቻለሁ! የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው፤ የማትችዪ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቂ።

ነፃ ከወጣሽ በራስሽም በንብረትሽም ጉዳይ እንደ አዋቂ ትቆጠሪያለሽ። የት እንደምትኖሪ ትመርጫለሽ፣ የቤት ኪራይ ውል ትፈርሚያለሽ። ኪራዩ ሲያልፍብሽም የምትከሰሺው አንቺ ነሽ። ለምርጫ ግን ያው 18 መጠበቅ ነው።

«ባገባስ? ጓደኛዬ ‹ካገባሽ ማንም አያዝሽም› ብላኛለች።»

ጓደኛሽ ግማሹን ነው የሰማችው። ጋብቻ ነፃ ያወጣል፣ ግን የጋብቻ ዕድሜ ራሱ 18 ነው። የፌዴራሉ ሕግ በከባድ ምክንያት፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ዝቅ እንዲል ይፈቅዳል። ያለዚያ ልጅ ያገባ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ይጠየቃል፦ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት። ደግሞ ከአባት ትእዛዝ ሸሽቶ ባል ትእዛዝ ሥር መግባት ምን የሚሉት ነፃነት ነው?

«ቡና መጋዘን እየለቀምኩ እውላለሁ። ደመወዜን አባቴ ይቀበልልኛል፤ እኔ ለፓድ መግዣ እንኳ እለምናለሁ። 16 ነኝ።»

ይህን ወረቀት ሁለቴ አነበብኩት። ጽሑፉ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ጥያቄውም ሳይሆን አይቀርም። ልጄ፣ ለዚህ ከአባትሽ መለየት ላያስፈልግሽ ይችላል። የፌዴራሉን ሕግ ብናይ 14 ዓመት የሞላው ልጅ የሥራውን ገቢ ራሱ ይቀበላል። ለራሱ ኑሮ ድርሻውን ያዋጣል፣ በቀረው እሱ ያዝበታል። የኦሮሚያውን አብረን እናየዋለን። አሠሪሽም ግዴታ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትና በሕዝብ በዓል ማሠራትም ክልክል ነው። መጀመሪያ ግን አባትሽ የሚያከብሩትን አንድ ሽማግሌ ላኪ። ክስ ከመጣ በኋላ ሽማግሌ መላክ ከባድ ነው።

«የ15 ዓመት ልጄ አጋሮ አክስቱ ጋ ሄዶ ቀረ። በፖሊስ ላስመልሰው?»

እናቴ፣ መብቱ አለዎት። የልጅን መኖሪያ የሚወስነው አሳዳሪው ነው፣ ያለ ፈቃድ የወጣን ልጅ እንዲመለስ ማስገደድም ይችላል። ነገር ግን ፖሊስ ያመጣው ልጅ በሳምንቱ ተመልሶ እንደሚሄድ እርስዎም አያጡትም። አጋሮ ቅርብ ነው። ሄደው ከአክስቱ ጋር ቡና ይጠጡ፣ ለምን እንደወጣ ይስሙ። ደህና ከሆነ እዚያው እንዲማር መፍቀድም ይችላሉ፤ ሥልጣንዎ አይቀነስም።

«አባቴ በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፈኛል።»

ይህ ቅጣት አይደለም፣ ወንጀል ነው። ነፃ መውጣትን አትጠብቅ። ዛሬውኑ ለፖሊስ ወይም ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ተናገር። ፍርድ ቤት አባትን ከአሳዳሪነት ሊሽር ይችላል፤ ያን ጊዜ እናት ብቻዋን ትይዛለች። እናትም ከሌለች አያት፣ ትልቅ ወንድም ወይም እህት፣ አጎት ወይም አክስት አሉ።

«አባቴ በሽማግሌ ፊት ‹ልጄ አይደለህም› ቢለኝስ?»

ቃሉ ያማል፣ በሕግ ግን አይጸናም። ቀለብህን የመስጠት ግዴታው አይቀርለትም። ከውርስ ሊነቅልህ ቢፈልግም በኑዛዜው ላይ ምክንያቱን መጻፍ አለበት።

«ለጠበቃ የሚሆን ብር የለኝም።»

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የልደት ምስክር ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ከሌለሽ የትምህርት ቤት መረጃሽንም ሆነ የክትባት ካርድሽን፣ ያገኘሽውን ሁሉ ያዢ። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ዕድሜሽን ነው።