መልስ፦ ጂቲኤ 6 የተባለው ጌም እንዲህ እየተራዘመ ለጌም ቤቴ ቅድመ ክፍያ ልክፈል ወይ?

ወንድሜ፣ ግሽ ዓባይ ላለው ጌም ቤትህ ከሆነ ብሩን ያዘው። ኦንላይን የሚሸጥ ጌም ቀድመህ ስላልከፈልክ አያልቅብህም።

መራዘም ሁሉ አንድ አይደለም። ጂቲኤ 6 ከ2025 ወደ ሜይ 26፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር 19፣ 2026 (እ.ኤ.አ.) ሲገፋ ሠሪው ሮክስታር የሰጠው ምክንያት ጌሙን ማጥራት ነው። እኔን ይህ አያስጨንቀኝም። የሚከብደው ችግሩ ከማሽኑ አቅም ሲመጣ ነው። ባልዱርስ ጌት 3 የተባለው ጌም ለኮምፒውተር በኦገስት 2023 ወጥቶ ኤክስቦክስ በሚባለው የጌም ማሽን (ኮንሶል) ላይ እስከ ዲሴምበር የቆየው፣ ስክሪን ለሁለት ከፍሎ መጫወት አነስተኛው ኤክስቦክስ ሲሪዝ ኤስ ላይ አልሄድ ስላለ ነው፤ ትልቁ ሲሪዝ ኤክስ 16 ጊጋ ሚሞሪ ሲኖረው ኤስ ያለው 10 ብቻ ነው። በመጨረሻ ያንን ከኤስ ቀንሰው ለቀቁት።

ተቻኩሎ መልቀቅማ ሳይበርፐንክ 2077 በተባለው ጌም ላይ ታይቷል። ደጋግሞ ተራዝሞ እንኳ ዲሴምበር 10፣ 2020 ሲወጣ ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን 4) ላይ እየተቆራረጠና እየተዘጋ አስቸገረ፤ የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒም በሳምንቱ ከመደብሩ አወረደው።

ላንተ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጂቲኤ 6 የተነገረው ለፒኤስ 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪዝ ነው። ያሉህ ፒኤስ 4 ብቻ ከሆኑ ገንዘቡ ለማሽን ይሁን። የመጀመሪያው ፒኤስ 5 825 ጊጋ ቢባልም ለጌም የሚተርፈው 667 ገደማ ነው፣ ከወዲሁ ቦታ አስለቅቅ። ዲስክ ብትገዛም ማስተካከያው በኢንተርኔት ስለሚመጣ ሌሊት አውርድ። መብራት ድንገት ሲሄድ ፋይል ስለሚበላሽ ኮንሶሉንም ራውተሩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ሰካ።