ውሃውን ቅጠሉ ላይ እንጂ አፏ ውስጥ አታድርጊ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ከአጥር ላይ ያነሳሻት እስስት በሰሃን ያስቀመጥሽላትን ውሃ ዞራም አታየውም፤ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ በሲሪንጅ ልስጣት ወይ፣ በቀንስ ስንት ጊዜ ልርጭላት ብለሻል። አብሽሪ፣ የሚስተካከል ነገር ነው። ሲሪንጁን ግን አሁኑኑ አስቀምጪው። ሌላውን ሁሉ ባታነቢ ይቺን ብቻ ያዢ።

1. ሰሃኑን አንሺው። እስስት ከተቀመጠ ውሃ የምትጠጣው ከስንት አንዴ ነው። ዱር ውስጥ የምትጠጣው ቅጠል ላይ ያረፈውን ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው። የሚያብረቀርቅ ጠብታ ካላየች ውሃ መኖሩንም ልብ አትልም። ስለዚህ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አስገቢላት። እኔ ቡና ነው ያስገባሁት፤ ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ጠብታ ይይዛል። ለመውጫ የዘይቱን ቅርንጫፍ ጥሩ ነው። ቅንጭብ ግን እንዳታስገቢ። በየአጥሩ ስላለ እጅ ወደሱ ይሄዳል፤ ወተቱ ግን ዓይን ይጎዳል።

2. መርጫው አዲስ ይሁን። የፀረ ተባይ ወይም የፀጉር ኬሚካል የነበረበትን፣ አሥር ጊዜ አጥቤዋለሁ ብትይም አትጠቀሚበት። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ፊቷ ላይ አታነጣጥሪ፤ ከላይ ቅጠሉ ላይ እንደ ካፊያ ይውረድ። ሁለት ሦስቴ ፊስ ፊስ አድርገሽም አትሂጂ። ብዙዎቹ መጠጣት የሚጀምሩት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆዪ። የተረፈውን ውሃ ድፊው፤ በነጋታው አዲስ ቅጂ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም ጄሪካን ውስጥ እናስቀምጣለን፤ የሰነበተውን ግን ለሷ አትስጫት። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ከጨመርሽበት ደግሞ በሰፊ ዕቃ ክፍቱን አሳድሪው፤ ክሎሪኑ ይወጣል።

3. ሲሪንጁ። እዚህ ላይ ልብ ብለሽ አንብቢኝ።

የመጀመሪያዋ እስስቴም ዓይኗ ልክ እንዳንቺዋ ጎድጉዶ ነበር። የሰፈር ልጆች በድንጋይ ሊጨርሷት ሲሉ ነው የወሰድኳት። እዚሁ አካባቢ ወዳለ አንድ የእንስሳት ሕክምና ይዣት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ካርድ የሚያወጣው ሰውዬ ካርቶኑን ገልጦ ሲያይ ወደ ኋላ ዘለለ። «በሬ ልበል በግ?» አለኝ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ብሩን ግን ተቀበለኝ። ውስጥ ያለው ባለሙያ ደግሞ ቀና ብሎም አላየኝም። ምን ሆነች፣ ምን ትበላለች፣ አንድም ነገር አልጠየቀ። «ጠምቷት ነው» ብሎ በ5 ሲሲ ሲሪንጅ ሙሉ ውሃ ቀዳ። ቀስ በልባት እያልኩት አፏን በእስክሪብቶ ክዳን ፈልቅቆ አንዴ ገፋው። እግሮቿ አየሩን ቧጠጡ። መላ ሰውነቷ ጠቆረ። ከአፏ ዳር አረፋ ወጣ። «አየህ፣ ጠጣች» አለኝ።

አልጠጣችም። ትን ብሏት ነው። የእስስት መተንፈሻ ቀዳዳ እዚያው አፏ ወለል ላይ፣ ምላሷ መነሻ አካባቢ ነው። በግድ የተገፋ ውሃ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል። ሰው ትን ሲለው ስሎ ያወጣዋል፤ እነሱ ግን እንደኛ ያለ ድያፍራም ስለሌላቸው በደንብ መሳል አይችሉም። የገባው እዚያው ይቀራል፣ ሳንባዋን ይመርዛል። የኔዋ ከዚያ በኋላ አንገቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ አፏን ከፍታ ነበር የምትተነፍሰው። ጆሮዬን ሳስጠጋ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እሰማ ነበር። ሳምንት አልሞላትም። ሄጄ ስነግረው «ለእስስት ነው እንዲህ የምትሆነው?» አለኝ። እስከዛሬ ያቺ ንግግር ከሆዴ አልወጣችም። ገንዘብ የተቀበለበት እንስሳ ነው፤ ቢያንስ አላውቅም ቢለኝ ይዣት እመለስ ነበር።

ሁለተኛዋን በራሴ መንገድ ነው ያዳንኳት፤ በዚህ እኮራለሁ። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን በቀጭን መርፌ በሳሁና ውሃ ሞልቼ ከቡናው በላይ ሰቀልኩት። ክዳኑን ስታላሊው ጠብታው ይፈጥናል፣ ስታጠብቂው ይዘገያል። በሁለት ሰከንድ አንድ ጠብታ ይበቃል። ከታች ዕቃ አድርጊ፣ ወለሉ ረግረግ እንዳይሆን። ከዚያ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፤ ቆመሽ ካፈጠጥሽባት አትጠጣም። የኔዋ አንድ ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ በሌላው ጠብታውን ብዙ አጠናችው። ከዚያ ቀስ ብላ አገጯን ቅጠሉ ጫፍ ስር አስገባች። ጠብታው አፍንጫዋ ላይ ሲወድቅ አፏን በትንሹ ከፈተች፤ ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። የጎደጎደው ዓይኗም ቀስ በቀስ እየሞላ መጣ።

በቀን ስንት ጊዜ ላልሽው፣ ኢንተርኔት ላይ የምታነቢው አብዛኛው ስለ የመኗና ስለ ማዳጋስካሯ እስስት ነው። አንቺ ያለሽው ደሴ ነው፤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ብትሆኚ ቅጠሉ ወዲያው ይደርቅልሽ ነበር። እዚህ ግን ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ በሚውልበት ቀን ጠዋት የረጨሽው እስከ ቀትር ላይደርቅ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ትተሽ ቅጠሉን በእጅሽ ንኪው። ካልደረቀ አትድገሚ። ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ቤትና የታፈነ አየር የሳንባ በሽታ ያመጣል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል አንዴ፣ ከሰዓት ደግሞ ከመምሸቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለሽ አንዴ። ብርድ ላይ ረጭተሽ አታሳድሪያት። በጋ ላይ አየሩ ሲደርቅ ጠብታውን ጨምሪላት።

ቤቷ የመስታወት ሳጥን ወይም ካርቶን ከሆነ ቀይሪው። እኔ የእንጨት ፍሬም አሠርቼ አጎበር ነው የወጠርኩበት። ሌላው ጭስ ነው። የኛን ቤት ታውቂዋለሽ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ከሰልና እጣን ቀኑን ሙሉ ይጨሳል። ቡና ሲፈላ እሷን ሌላ ክፍል አድርጊያት። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ለእስስት ብዬ እጣን ልተው?» ብላኝ ነበር። አሁን ረከቦቱን ከማቅረቧ በፊት አጎበሩን ራሷ ናት የምታነሳው።

ውሃ እንደበቃት የሚነግርሽ ኩሷ ነው። ከጥቁሩ ጋር የሚወጣ ጠጠር መሳይ ነገር አለ፤ ሽንቷ እሱ ነው። ነጭ ከሆነ ደህና ናት። ብርቱካናማ ከሆነ ውሃ አጥሯታል። ቀን ላይ ዓይኗን ጨፍና ከዋለች፣ ሳይሞቃት አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም አረፋ ካየሽ ግን ቤት ውስጥ አትታገዪ። መድኃኒት የሚያዝላት ሐኪም ያስፈልጋታል። ስትገቢ ገና በሩ ላይ «በአፏ ውሃ እንዳትሰጧት» በያቸው። ቢቆጡም ይቆጡ።

ስትጠነክርልሽ መልሰሽ ያነሳሻት አጥር አካባቢ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ልቀቂያት። የዱር እንስሳ ናት፤ ያለ ፈቃድ ማኖሩም አያዋጣም።

ለዛሬ ጠርሙሱን ስቀይና ተያት። ነገ ጠዋት ከረጨሽ በኋላ የኩሷን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፤ አይቼ እነግርሻለሁ።